ከአሜሪካና ከካናዳ ዘመድ ሲመጣ፦ ስለ ጦርነትና ስለ ፖለቲካ ቀልድ እንዴት እናውራ

ክረምት ሲገባ ደሴ በእንግዳ ትሞላለች። ከቨርጂኒያ፣ ከሚኒሶታ፣ ከቶሮንቶ፣ ከካልጋሪ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን የናፍቆት ነው፤ መተቃቀፍ፣ ማልቀስ፣ ሻንጣ መፍታት። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ፖለቲካ ይነሳል። ፖለቲካ ከተነሳ ጦርነት አይቀርም። ጦርነት ከተነሳ ደግሞ አንዱ ይቀልዳል። ስንት ዓመት የተናፈቀ ሰው እዚህች ላይ ተኮራርፎ ሲመለስ አይቻለሁ።

እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ። ቤታችን ሆጤ አካባቢ ነው። እናቴ ትልቅ ሰው ስለሆነች ዘመድ ሁሉ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው። አጎቴ ከነቤተሰቡ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቶሮንቶ። ሁለቱ በአንድ ክረምት ሲገጣጠሙ መሀል የምገባው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንግዳ ለምትጠብቁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ነው። የምለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ስለ ጦርነት መቀለድ ይቻላል። ቀልዱ ግን ጦርነቱን ያዘዘውን ይንካ እንጂ ዋጋ የከፈለበትን አይንካ። እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ። የውጭ አገሩን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም» እላለሁ።

መጀመሪያ የእነሱን ቁስል እወቁ

ከአሜሪካ የሚመጣውን እናስቀድም። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃቱ ሲደርስ እኛ እንቁጣጣሽ ላይ ነበርን። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም ማለት ነው። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። አብዛኛውን ዓመት የእኛ አዲስ ዓመትና የእነሱ የሐዘን መታሰቢያ በአንድ ቀን ይውላሉ። ስለዚህ በእንቁጣጣሽ ስትደውሉ «እንኳን አደረሳችሁ» በሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ስለ መንትዮቹ ሕንጻዎች የተሠራ ቀልድ ግን በዚያ ቀን በቴሌግራም አትላኩ። የሚልክ ሰው አለ፤ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ አፍጋኒስታንና ኢራቅ መጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ የግዳጅ ምልመላ የቀረው በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚዘምተው በፈቃዱ የተቀጠረ ነው። ጦርነቱን የሚሸከሙት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ ሌላው ሕዝብ በቴሌቪዥን ያያል። የሞቱት ሲመለሱ እንኳ፣ ዴላዌር ውስጥ ዶቨር በሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር፣ ጋዜጠኞች የሬሳ ሳጥኖቹን ፎቶ እንዳያነሱ ከ1991 እስከ 2009 ተከልክለው ነበር። አጎቴ ጦርነትን የሚያወራው እንደ ምርጫ ጉዳይ ነው። ማን ጀመረው፣ ማን ዋሸ፣ ማንን እንምረጥ። እኛ ደግሞ የምናወራው የማን ቤት ምን ደረሰበት ብለን ነው። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያወቀ ሰው በአጎቴ አይቀየምም።

የካናዳው መልኩ ሌላ ነው። ካናዳ አፍጋኒስታን ላይ 158 ወታደሮች ሞተውባታል። አስከሬናቸው ትሬንተን የጦር ሰፈር ያርፍና በሀይዌይ 401 ወደ ቶሮንቶ ይወሰድ ነበር። ሰዉ ማንም ሳይጠራው ባንዲራ ይዞ በየድልድዩ ይቆማል። መንገዱ ከ2007 ጀምሮ የጀግኖች ጎዳና ተብሏል። የአክስቴ ልጅ ከሥራ ስትመለስ እንደዚያ ቆማ አስከሬን አሳልፋለች። ይህን ስታጫውተን እናቴ ፈንዲሻውን ማዘገኗን አቁማ «የማን ልጅ ነበር?» አለቻት። «እኔ እንጃ እትዬ፣ አላወቅኩትም» አለች። እናቴ ለማታውቀው ልጅ «ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ካናዳ የሚወራው ወሬ ተለወጠ።

«ካናዳ ሰላም አገር ናት፣ ስለ ሽብር ምን ታውቃለች» የሚል ሰው ካለም አስቁሙት። በ1970 ኦክቶበር ኩቤክ ውስጥ ለመገንጠል የሚታገል ቡድን የብሪታንያ ዲፕሎማትና የክፍለ ሀገሩን ሚኒስትር አግቶ ሚኒስትሩን ፒየር ላፖርትን ገድሏል። ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ የጦርነት ጊዜ አዋጅ አውጀው ወታደር ከተማ አስገብተዋል። በ1985 ጁን ደግሞ ከካናዳ የተነሳ የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን በቦምብ ወድቆ 329 ሰው አልቋል። አብዛኞቹ የካናዳ ዜጎች ነበሩ።

የኢራቅን ጦርነት በተመለከተ ካናዳ አልገባችም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ክሬቲየን ማርች 17 ቀን 2003 ፓርላማ ውስጥ ቆመው የተባበሩት መንግሥታት አዲስ ውሳኔ ከሌለ አንዘምትም አሉ። ካናዳውያን በዚህ ይኮራሉ። የአክስቴ ልጅም ትኮራለች። ግን «አሜሪካ ጦረኛ፣ ካናዳ ሰላማዊ» ብላችሁ እንዳትዘጉት። የያኔው የተቃዋሚ መሪ ስቲቨን ሃርፐር ጦርነቱን ደግፈው ነበር፤ ቆይተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዚያው ዓመት ፌብሯሪ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ጦርነቱን ተቃውሞ አደባባይ ወጥቷል። በቬትናም ጊዜም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወጣቶች ላለመዝመት ካናዳ ገብተዋል። ፕሬዚዳንት ካርተር ምሕረት ያደረጉላቸው በ1977 ነው።

ጎረቤታችን ሶማሊያም አለች። በ1993 ሁለቱም እዚያ ነበሩ። አሜሪካኖቹ ሞቃዲሾ ላይ በአንድ ውጊያ 18 ወታደር ሞተባቸው፤ ይህን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት በለደወይን ላይ የካናዳ ወታደሮች ሺዳኔ አሮኔ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ደብድበው ገደሉ። ካናዳ ወታደሮቹ የነበሩበትን የአየር ወለድ ክፍለ ጦር በ1995 በተነችው። የሰላም አስከባሪነት ዝናቸው ከፍ ያለ ነው። ካናዳዊው ሌስተር ፒርሰን የግብፁን የስዌዝ ቦይ ቀውስ በማብረዳቸው በ1957 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለዚያ ነው የሶማሊያው ጉዳይ ዛሬም የሚያማቸው። እንግዳችሁ ካናዳዊ ከሆነ ይህን ለማሳፈር አታንሱበት። ራሱ ካነሳው ግን ስሙት።

ወሬው ሲከር ማብረጃ ከፈለጋችሁ ኮሪያን አንሱ። ከ1951 ጀምሮ ቃኘው ሻለቃ፣ አሜሪካኖቹና ካናዳውያኑ በአንድ ሰንደቅ ስር ተዋግተዋል። ከእኛ ከ120 በላይ ሞተዋል። እዚያ ላይ ሦስቱም እኩል የሚያወሩት ነገር አላቸው። አባቱ ወይ አያቱ ኮሪያ የዘመተ ሰው በሰፈራችሁ ካለ ቡና ላይ ጥሩት።

ካናዳዊውን አሜሪካዊ አትበሉት

ይህቺ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ታስቀይማለች። ፒየር ትሩዶ በ1969 ዋሽንግተን ላይ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ከአሜሪካ ጋር መጎራበትን ከዝሆን ጎን ከመተኛት ጋር አመሳስለውታል። ዝሆኑ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን እያንዳንዷ መገላበጡ ይሰማል ነው ነገሩ። የካናዳ የፖለቲካ ቀልድ ግማሹ ከዚህ ይወጣል።

የኒውፋውንድላንዱ ቀልደኛ ሪክ መርሰር አሜሪካ ድረስ እየሄደ ሰዎችን ስለ ካናዳ የውሸት ነገር ይጠይቅ ነበር። እነሱም አምነው ይመልሳሉ። ኤፕሪል 2001 ላይ የቀረበውን ልዩ ዝግጅቱን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ካናዳዊ አይቶታል። በሴፕቴምበር 11 ጥቃቱ ሲደርስ ግን መርሰር ለዚያ ሥራ የታጨበትን ሽልማት ተወው። ያዘነ ጎረቤት ላይ ተስቆ የሚገኝ ሽልማት አልፈልግም ማለት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የተረዳሁት። ጥቃቱ በደረሰበት ቀን የአሜሪካ ሰማይ ሲዘጋ 38 አውሮፕላኖች የዚሁ ሰውዬ አገር ላይ፣ ጋንደር በምትባል ትንሽ ከተማ አርፈዋል። ወደ 10,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ ከ6,500 በላይ እንግዳ በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ ተቀብላ አብልታለች። እንግዳ መቀበልን የሚያውቅ ወሎዬ ይህን ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ጠንክሯል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ካናዳ የአሜሪካ 51ኛ ግዛት ትሁን የሚለው ንግግር ካናዳውያንን አስቆጥቷል። በሆኪ ጨዋታ ላይ የአሜሪካን መዝሙር ሲያፏጩበት ነበር። የቶሮንቶ ስካርቦሮው ልጅ፣ ቀልደኛው ተዋናይ ማይክ ማየርስ በአሜሪካ ቴሌቪዥን መድረክ ላይ ክርኑን አንስቶ አሳየ፤ ተዘጋጁ፣ ራሳችሁን ጠብቁ የሚል የሆኪ ተጫዋቾች ምልክት ነው። አጎቴ ለቀልድ ብሎ «እናንተማ የኛ ክፍለ ሀገር ናችሁ» ሲላት የአክስቴ ልጅ ፊቷ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው። እንዲህ ሲሆን «ጋሼ፣ ይቺን ይተዋት» ብላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ንገሩት።

አንድ ሰው፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ቀልድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ቀልድ ማንን እንደሚነካ ለልጆች ማስረዳት ስፈልግ ሁልጊዜ 2004ን ነው የማነሳው።

በዚያ ዓመት ማርች ላይ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ዋሽንግተን ውስጥ በጋዜጠኞች እራት ላይ ተገኙ። በዚህ ዓይነት እራት መሪው በራሱ መቀለዱ የቆየ ልማድ ነው። ቡሽ ፎቶ እያሳዩ ቀለዱ። ፎቶው ላይ ቢሮአቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ከዕቃ ስር የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። ያ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ እዚህ አካባቢ መኖር አለበት ይላሉ። አዳራሹ ሳቀ። ኢራቅ ለመዝመት ምክንያት የተደረገው ይኸው መሣሪያ ነበር፤ አልተገኘም። በዚያን ጊዜ ኢራቅ ውስጥ ከ500 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሞተው ነበር፤ የሞተው ኢራቃዊ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በማግስቱ የሟች ቤተሰቦች ተቆጡ። እኔም ብሆን እቆጣለሁ። ሰውየው በራሳቸው የቀለዱ ይመስላቸዋል፤ ሂሳቡን ግን የከፈለው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ቀልድ ከዚህ በፊት የጀመረ ነው። በ2000 ቡሽ ምርጫ ሲወዳደሩ ያው ሪክ መርሰር ጋዜጠኛ መስሎ ቀረባቸው። የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር «ዣን ፑቲን» ደግፈውዎታል አላቸው። እንዲህ የሚባል ጠቅላይ ሚኒስትር የለም። ፑቲን ድንች ጥብስ ላይ አይብና መረቅ የሚፈስበት የኩቤክ ምግብ ነው። ቡሽ አምነው አመሰገኑ። ካናዳ ለወራት ሳቀ። ዲሴምበር 2004 ቡሽ ሃሊፋክስ ሲመጡ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ያንን የደገፈኝን ዣን ፑቲንን አግኝቼ ላመሰግን ፈልጌ ነበር አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በኢራቅ ጉዳይ የተቀየማቸው ካናዳዊ ሁሉ ይቅር አላቸው አልልም። ግን ማንም አልተጎዳም። የተሳቀበትም የሳቀውም እሱው ራሱ ነው።

ከዚያ ጉብኝት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ካሮሊን ፓሪሽ የምትባል የካናዳ የፓርላማ አባል በአንድ የቀልድ ፕሮግራም ላይ የቡሽን አሻንጉሊት በጫማዋ ረግጣ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ማርቲን ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን አስወጧት። የአክስቴ ልጅ «ተገቢ ነው፣ እንግዳ ሊመጣ ነው» ትላለች። አጎቴ ደግሞ «አሻንጉሊት መርገጥ ምን አለበት፣ የሞተ የለም» ባይ ነው። ይገርማል፤ አሜሪካዊው ለረገጠችው ሲከራከር ካናዳዊቷ ለቡሽ ትከራከራለች። እኔ ለአጎቴ አደላለሁ። ጦርነት ያዘዘ መሪ አሻንጉሊቱ ቢረገጥ ይቻለዋል።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ቀልድ ሲነሳ ረጅም ንግግር አታድርጉ። «ይሄ ቀልድ የሚያመው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጮክ ብላችሁ፣ ያለ ቁጣ። መልሱ «ሚኒስትሩን» ከሆነ ሳቁ። መልሱ «እናቲቱን» ከሆነ ሌላ ወሬ አምጡ።

ጊዜውስ?

የእኛ ልቅሶ ቤት ይህን ጥያቄ ድሮ ፈትቶታል። ድንኳኑ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን የሚስቅ የለም። ከቀናት በኋላ ካርታ ይመጣል፤ የሟቹን ጨዋታ የሚያነሳ ሰው ይገኛል። ግን የመጀመሪያው ሳቅ ከሐዘንተኛው ወገን ነው የሚመጣው። ከሩቅ የመጣ ሰው አይጀምረውም።

ኒውዮርክም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከጥቃቱ በኋላ ዝነኛው የቅዳሜ ማታ የቀልድ ዝግጅት ሲመለስ ሴፕቴምበር 29 ነበር። የከተማዋ ከንቲባ ጁሊያኒ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር መድረክ ላይ ቆሙ። አዘጋጁ ሎርን ማይክልስ፣ ቶሮንቶ ያደገ ካናዳዊ ነው፣ «አሁን መቀለድ እንችላለን?» ብሎ ጠየቃቸው። ከንቲባውም ድሮስ መቼ ታስቁ ነበርና በሚል ዓይነት መለሱለት። ፈቃዱን የሰጠው የሐዘንተኛዋ ከተማ ሰው ነው። ከኋላቸው የቆሙት ደግሞ ጓዶቻቸውን የቀበሩ ናቸው። ይህቺን ትንሽ ቪዲዮ ልጆቹን ሰብስባችሁ ብታሳዩአቸው ከሰዓት ሙሉ ምክር ትበልጣለች።

በተቃራኒው ቢል ማኸር የተባለው የቴሌቪዥን ሰው ከጥቃቱ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ጠላፊዎቹ ፈሪ አልነበሩም፣ ፈሪስ ከሩቅ ሚሳይል የምንተኩሰው እኛ ነን የሚል ነገር ተናገረ። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ጥለውት ሄዱ፤ ፕሮግራሙም በ2002 ተዘጋ። እዚህ ላይ አጎቴ ይቆጣል። ሕገ መንግሥታቸው ከ1791 ጀምሮ የመናገር ነጻነትን ይጠብቃል። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ጄሪ ፋልዌል የተባሉትን ሰባኪ ክፉኛ ያሾፈባቸው መጽሔት እንዳይቀጣ በአንድ ድምፅ ወስኗል። ስለዚህ «ማንም በማንም ይቀልዳል፣ አለቀ» ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የካናዳን የ1982 የመብቶች ቻርተር ታነሳለች። እዚያ መብቱ ምክንያታዊ ገደብ ሊደረግበት እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል፤ በሕዝብ ላይ ጥላቻ መንዛትም ወንጀል ነው። ይህን ክርክር ለመፍታት አትሞክሩ። ሕግ የፈቀደው ሁሉ እናቴ ፊት አይባልም፤ እኔ የምላቸው ይህንን ብቻ ነው።

የእኛን ሲነኩ

ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው በኅዳር ማብቂያ ተለቀቁ። የብረት በራችን ላይ የጥይት ቀዳዳዎች ነበሩ። በብየዳ አስደፈንናቸው፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባንባቸው። በእጅ ሲዳሰሱ ግን ያስታውቃሉ። ከቤት ውስጥም ብዙ ዕቃ ተወስዷል።

እናቴ ስለዚያ ጊዜ ስትጠየቅ አንድ ነገር አላት። «ቴሌቪዥኑን ወሰዱት። እሰይ፣ ከዜና ገላገሉኝ።» ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የአጎቴ ልጅ፣ ቨርጂኒያ የተወለደው፣ ይህን ሰምቶ በጣም ወደደው። በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ቡና ሊጠጡ መጡ። በዚያ ጦርነት ልጃቸውን ያጡ ናቸው። ልጁ አቦሉን ሲያቀብላቸው በዚያች በተሰባበረች አማርኛው «የእርስዎንም ቴሌቪዥን ወሰዱት? እሰይ!» አላቸው። እትዬ ስኒውን ተቀበሉ። «የእኔን ቴሌቪዥንስ አልነኩትም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ? ልጁን ሰው ፊት አትቆጡት። ጭራሽ እንዳልተባለ አድርጋችሁም ስለ ዝናብ አታውሩ። የሞተውን ሰው ስም አንሱ። እናቴ ያደረገችው ይህንን ነው። የሞተውን ልጅ በስሙ ጠርታ «ይሄን ጀበና እኮ እሱ ነው የገዛልኝ፣ የድሮውን በኳስ ሰብሮብኝ» አለች። እትዬ ቀና አሉ። «ኳስ ሲወድ!» ብለው እሳቸው ማውራት ጀመሩ። ሦስተኛው ቡና እስኪያልቅ የተወራው ስለ ልጃቸው ነው።

ማታ የአጎቴን ልጅ ወደ በሩ ወሰድኩትና ጣቱን ቀዳዳዎቹ ላይ አስቀመጥኩለት። አክስትህ የምትስቀው በራሷ ኪሳራ ነው፣ ስለዚህ ቀልዱ የእሷ ነው፤ አንተ ስትወስደው ሌላ ሰው ላይ ያርፋል አልኩት። ገባው። ይቅርታ የሚጠይቅበትን ንግግር አላስጠናሁትም። እናንተም አታስጠኑ። ጠዋት ድፎ ዳቦ ይዞ ሄደና እትዬ ጋ ተቀመጠ፤ አገራችን ውስጥ ይህ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አትለፉ። ቀልዱ ከታጣቂና ከመሪ አልፎ ወደ ሕዝብ ከዞረ፣ ትግሬ ሁሉ፣ አማራ ሁሉ፣ ኦሮሞ ሁሉ ማለት ከተጀመረ፣ እዚያው አስቁሙ። እዚህ ከተማ ውስጥ የትግራይ ተወላጅ ጎረቤቶች አሉን፤ ሲደነግጡ አይቻለሁ። ለእንግዶቹ የሚገባቸውን ምሳሌ ስጧቸው። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በአራተኛው ቀን አሪዞና ውስጥ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሚባል የነዳጅ ማደያ ባለቤት ተገደለ። ሲክ የሚባለው የሕንድ ሃይማኖት ተከታይ ነበር፤ ገዳዩ ጥምጥሙን አይቶ አረብ መስሎት ነው የገደለው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ይህን ሲሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

መሸኛው ላይ

ሙስሊም ዘመዶቻችን በስማቸው ምክንያት አየር ማረፊያ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆሙ ጠይቋቸው። ማህር አራር የተባለው ካናዳዊ በ2002 ኒውዮርክ ላይ አውሮፕላን ሊቀይር ሲል ተያዘ። አሜሪካኖቹ ሶርያ ላኩት፤ እዚያ ተሰቃየ። ካናዳ በ2007 ይቅርታ ጠይቃ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ካሰችው። እና «ሰይድ፣ ዛሬስ አሸባሪ ነህ አላሉህም?» የሚለውን ቀልድ ተዉት። አቅፋችሁ ሸኙት።

ለሚጓዝ ሰው ሁሉ ደግሞ ይህን ንገሩት። ቦሌም ሆነ ዋሽንግተን ወይ ቶሮንቶ ሲደርስ፣ ፍተሻ ላይ ስለ ቦምብ፣ ስለ ፈንጂ፣ ስለ ጠለፋ አንዲት ቃል አይቀልድ። እዚያ ቀልድ ብሎ ነገር የለም። በረራ ያመልጣል፣ መታሰርና መቀጣትም አለ። እናቶቻችን በርበሬ ቋጥረው «ተጠንቀቅ፣ ይፈነዳል» ማለት ይወዳሉ፤ ልጁ ያንኑ እንግሊዝኛ አድርጎ ለፈታሹ እንዳይነግር። «ምንድነው?» ሲባል «በርበሬ ነው» ይበል፤ በቃ። በርበሬውንና ሽሮውንም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉለት። ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ሲያዝ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል።